የሚሄደውን ልጅ ስለ መምከርና ስለ መመረቅ
(በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል የተደረገ ንግግር)



ደብራችን ኢዮቤልዩውን በሚያከብርበት በዚህ ቀን እንድናገር በታዘዝሁ ጊዜ፥ የደብሩን ታሪክ ሊቃውንቱ ስለሚናገሩት፥ እኔ በየቤታችን ስላለ አንድ ጭንቀት ልናገር ወደድሁ። ይኸውም ከእንጅባራና ከዳንግላ ተነሥቶ ወደ ውጭ አገር ለመሻገር የሚመኝ ልጅ፥ አሳቡን በገለጸልን ጊዜ ከእኛ ስለሚሰማው ቃል ነው። ያም ቃል ብዙ ጊዜ «አትሂድ» የሚል ብቻ ነው።

ይህ ቃል ከፍቅር እንደሚወጣ አውቃለሁ። ነገር ግን ወደ ኋላ ብንመለከት፥ አገልግሎታችን «አትሂድ» ተብለው በሄዱ ልጆች ጭምር የቆመ ነው። በቤቱ አገውኛ የሚናገር የአዊ ልጅ ግእዝንና ቅኔን ሊማር ወደ ሩቅ ጉባኤ ቤት ሲነሣ፥ «ከብቱን ማን ይጠብቅልኛል?» ብሎ የከለከለው አባት ስንት ነው? ልጁ ግን ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ለምኖ፥ ውሻውን በዱላው እየተከላከለ ተማረ፤ ተምሮም ካህን ሆኖ ተመለሰ። ይህን እኔ ለአባቶቼ አልነግራቸውም፤ እነርሱ ያውቁታል።

ከአገር የወጡትንም እናስብ። አባ ተስፋ ጽዮን የሚባሉ የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ በኢየሩሳሌም በኩል ሮም ደርሰው፥ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1548 እና በ1549 የግእዙን ሐዲስ ኪዳን አሳተሙ። አታሚዎቹ ግእዝ አያውቁም፤ መነኮሳቱም የማተምን ሥራ አያውቁም ነበርና፥ ስለ ስሕተቱ በዚያው መጽሐፍ አንባቢውን ይቅርታ ለመኑ። በግራኝ ጦርነት በአገራችን ብዙ መጻሕፍት በተቃጠሉበት ዘመን፥ በባዕድ አገር ያሉ ስደተኞች ወንጌልን በግእዝ ማሳተማቸው እንደ ምን ያለ ነገር ነው!

ከመቶ ዓመት በኋላም የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ፥ ኢየሱሳውያን ከኢትዮጵያ በተባረሩ ጊዜ ከእነርሱ ጋራ ወጥተው ሮም ደረሱ። በዚያም በ1649 ሂዮብ ሉዶልፍ ከሚባል ጀርመናዊ ሊቅ ጋራ ተዋወቁ፤ በ1652 ወደ ጎታ ከተማ ሄደው ስለ አገራችን ልማድና ቋንቋ ለጥያቄው ሁሉ መለሱለት። ሉዶልፍም የግእዙን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1661፥ የአማርኛውን በ1698 አሳተመ። አባ ጎርጎርዮስ ግን በ1658 ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሲጓዙ፥ መርከባቸው ተሰብሮ ሰጠሙ።

እንግዲህ የከልካዩ ፍርሃት ከንቱ አይደለም። በዘመናችንም በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ወደ 30 የሚደርሱ ክርስቲያን ወንድሞቻችን በሊቢያ ምድር በግፍ መገደላቸው ተሰምቶ፥ አገር ሁሉ አልቅሷል። በመተማ በኩል የሚሻገር ሰው የሚገባው ወደ ሱዳን ነው፤ በዚያም በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ተነሣ።

ነገር ግን ፍርሃታችንን ብቻ ብንነግረው ልጁ ይቀራልን? በዚህ ነገር እኔ ራሴ በደለኛ ነኝ። አንድ የጎረቤቴ ልጅ «ጋሼ፥ ልሄድ አስቤአለሁ፤ ምን ይመክሩኛል?» ብሎ መጣ። እኔም ሳቅሁበት። ሁለተኛ ቢመጣ፥ የሞቱትን ቈጠርሁለት። ሦስተኛ ቢመጣ፥ እናትህን ልትገድላት ነውን ብዬ ተቈጣሁት። ከዚያ ወዲያ አልመጣም። እናቱ መሄዱን ያወቀችው፥ ከማታውቀው አገር ገንዘብ ላኪ የሚል ስልክ በተደወለላት ጊዜ ነው። እኔ ደጄን ስዘጋበት ደላላው ደጁን ከፈተለት። መንገዱን ከእኔ የሰወረው ክፉ ልጅ ስለ ሆነ አይደለም፤ ከአንድ ቃል በቀር ምክር ስላጣብኝ ነው።

ስለዚህ ወገኖቼ ሆይ፥ የሚሄደው ልጅ ሲመጣ ተቀምጠን ሦስት ነገር እንጠይቀው። አንደኛ፥ የምትሄደው ለምንድር ነው? ለትምህርት ነውን፥ ለሥራ ነውን፥ ወይስ ባልንጀራህ ስለ ሄደ ነው? ሁለተኛ፥ በየትኛው መንገድ ነው? ፓስፖርትና ቪዛ፥ የትምህርት ቤት ጥሪ ወይም የሥራ ውል በእጅህ አለን? ወይስ ነፍስህን ለደላላ አደራ ልትሰጥ ነው? ሦስተኛ፥ ምን ይዘህ ትሄዳለህ? ቋንቋ ተምረሃልን? በእጅህ ሙያ አለን? መልሱ የጐደለ እንደ ሆነ፥ እስኪሞላ ድረስ እንርዳው፤ የሞላ እንደ ሆነ ግን አንከልክለው።

እኛ አዊዎች ፈረስ እናውቃለን፤ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ሜዳ ፈረሰኞቻችንን እያየን ደስ ይለናል። ሁልጊዜ ታስሮ የሚውል ፈረስ ገመዱን በጥሶ ገደል ይገባል፤ ልጓም የለመደ ፈረስ ግን ሩቅ ሄዶ ይመለሳል። ለልጅ ልጓሙ ምክር ነው፤ ኮርቻውም ምርቃት ነው።

አባታችን አብርሃምም ከዘመዶቹ ተለይቶ ወደማያውቀው አገር ወጥቷል። የአብርሃም አምላክ በባዕድ አገር ያሉትን ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ በመንገድ ለቀሩት ነፍስ ይማርልን፤ ገና ለሚነሡትም እኛን መካሪዎች ያድርገን። አሜን።