«ላስተካክለው?»

መስከረም ላይ፣ የያሆዴ በዓል ሲደርስ በሆሳዕና፣ የመሳላ በዓል ሲደርስ በዱራሜና በሺንሺቾ፣ ፎቶ ቤት ወረፋ ነው። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ሲያስመርቅማ ካሜራ ያንጠለጠለ ሁሉ በሩ ላይ ይሰለፋል።

ተመራቂዋ ጋዋኗን ለብሳ ቆማለች። ፎቶ አንሺው «አንዴ!» ይልና አገጯን በጣቱ ቀና፣ ወገቧን ይዞ ዘወር ያደርጋታል። ትስቃለች፤ ሳቋ ግን ከአንገት በላይ ነው። ትከሻዋ ሽቅብ ተሰብስቦ ፎቶው ላይ ይቀራል።

እጅ ምን አስቸኮለው? ፎቶ አንሺው ራሱ ቆሞ፣ አገጩን ቀና፣ ትከሻውን ሰበር አድርጎ ቢያሳያት ትከተለዋለች። ነጠላዋ ከተንሸራተተ እህቷ አለች። የግድ ከሆነ ደግሞ «ላስተካክለው?» ብሎ መልሷን መጠበቅ ነው። ዝም ካለች አልፈቀደችም።

ይህን አናውቅም እንዳንል፣ ለአዛውንት «አባባ፣ ጋቢዎን ትንሽ ከፍ ቢያደርጉልኝ» እንላለን እንጂ ማን ደፍሮ ይነካል? አክብሮቱ አለን፤ የምንሰፍረው በዕድሜ ነው። ቦጋለች ገብሬ የሴት ልጅ ግርዛትን ለማስቀረት ማኅበረሰቡን ሲያወያዩ በኖሩበት ከምባታ፣ «ገላዬ የራሴ ነው» ማለትም እንግዳ ወሬ አይደለም።

ፈቃዱ ፎቶ ከተነሳን በኋላም ያስፈልጋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ አንቀጽ 27፣ የሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይላል፤ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ቢኖሩትም። በየፎቶ ቤቱ ደጃፍ ከተሰቀሉት ሙሽሮች ስንቶቹ ተጠይቀው ይሆን?