ወደ እስፓንኛ በአማርኛ በኩል

(በማኅበራችን ጉባኤ ላይ፣ ለትምህርት ወደ ውጭ አገር ለሚሄዱ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)




ስለ ቪዛ፣ ስለ ጉዞና ስለ ስንቅ የሚመክራችሁ ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔ ልናገር የተነሣሁት ደርሳችሁ ሻንጣችሁን ካስቀመጣችሁ በኋላ ስለሚጀምረው ሥራ ነው፤ ይኸውም በሰው ቋንቋ ውስጥ ቤተኛ ሆኖ ስለ መኖር ነው። ለምሳሌም የምወስደው እስፓንኛን ነው።

እስፓንኛ በእስፓንያ፣ በ18 የላቲን አሜሪካ አገሮችና በአህጉራችንም በኤኳቶሪያል ጊኒ የመንግሥት ቋንቋ ነው። ለእኛም ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን ጦርነት ኩባውያን ወታደሮች ከሠራዊታችን ጎን ተሰልፈው እንደ ተዋጉ ይታወቃል። ከዚያም በኋላ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ በሺህ የሚቈጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ወደ ኩባ ተላኩ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ አባቶቻቸው በጦርነቱ የሞቱባቸው ነበሩ። የተማሩትም ቀድሞ የጥድ ደሴት ትባል በነበረችው፣ በ1970 ዓ.ም. ግን የወጣቶች ደሴት ተብላ በተሰየመችው ደሴት ነበር። የቀኑን እኩሌታ በክፍል፣ እኩሌታውን በብርቱካንና በግሬፕፍሩት እርሻ ያሳልፉ ነበር።

እነዚያ ልጆች እንግሊዝኛን ገና በወጉ ሳይዙ የሄዱ ስለ ነበሩ፣ ከአገራቸው ቋንቋ በቀጥታ ወደ እስፓንኛ ተሻገሩ። ሐኪምና መሐንዲስ ሆነው ከተመለሱት መካከል ዛሬም አዲስ አበባ ላይ ሲገናኙ በእስፓንኛ የሚጨዋወቱ አሉ። እኛ ግን መጽሐፉን የምንገዛው በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ነው፤ መዝገበ ቃላቱም፣ በስልካችን ያለው ማስተማሪያም እንግሊዝኛ ነው። አንዱን ወንዝ ለመሻገር ሁለት ወንዝ እንሻገራለን። የዛሬው ምክሬ በአጭሩ ይህ ነው፤ ወደ እስፓንኛ ስትሄዱ በአማርኛ በኩል ሂዱ።

ማስረጃ ሳላቀርብ እንድታምኑኝ አልሻም። እንግሊዛዊ «ራስ ምታት አለኝ» ይላል። እኛ «ራሴን አመመኝ» እንላለን፤ የእስፓንኛ ተናጋሪም «ሜ ዱዌሌ ላ ካቤሳ» ሲል ሕመሙን እንደ እኛው በራሱ ላይ የሚደርስ ነገር አድርጎ ይናገራል። «ሜ ጉስታ» የሚለው አነጋገር በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ብዙ ገጽ ማብራሪያ ይጠይቃል። ለእኛ «ደስ ይለኛል» ከተባለ ነገሩ አለቀ፤ ደስ የሚለው ነገር ባለቤት ነው፣ እኔ ተቀባይ ነኝ። እኛ «መጣሁ» ስንል «እኔ» ማለት እንደማያስፈልገን ሁሉ፣ እነርሱም «ቢኔ» ብለው ዝም ይላሉ፤ ማን እንደ መጣ ግሱ ራሱ ይናገራል።

ተማሪውን ሁሉ የሚያስፈራው ደግሞ ምኞትንና ትእዛዝን የሚገልጸው የግስ አረባብ ነው። እኛ «ይመጣል» እና «ይምጣ» የሚሉትን ለይተን የምንናገረው ከእናታችን ጉያ ጀምሮ ነው። «ኬ ቤንጋ» ማለት «ይምጣ» ማለት ነው። «እንዲመጣ እፈልጋለሁ» ለማለትም ያንኑ «ቤንጋ» የተባለውን ቃል ይጠቀማሉ።

ድምፁንም ብንመለከት፣ ሌላው ተማሪ የሚቸገርበት «ኝ» ከፊደላችን ውስጥ ያለ ነው። መጥበቅና መላላትንም እናውቃለን። «አለ» ላልቶ ሲነበብ ተናገረ፣ ጠብቆ ሲነበብ ግን መኖርን እንደሚያመለክት ሁሉ፣ «ፔሮ» የሚለው ቃል «ሮ» ላልቶ ሲነገር «ግን»፣ ጠብቆ ሲነገር «ውሻ» ማለት ነው። ገበያ ስትወጡም «አሱካር»፣ «አሮስ»፣ «አሴይቴ» ሲባል ትሰማላችሁ። አረቦች ከ711 እስከ 1492 እ.ኤ.አ. ድረስ በእስፓንያ ምድር፣ በስተ መጨረሻ በግራናዳ ብቻ፣ ስለ ገዙ ብዙ ቃላት ትተው ሄደዋል። እነዚህም ስኳር፣ ሩዝና ዘይት መሆናቸውን ለማወቅ መዝገበ ቃላት መግለጥ አያሻችሁም።

ዝምድናው ግን ድንበር አለው። እኛን ይርበናል፤ እነርሱ ግን «ረኃብ አለኝ» ይላሉ፤ ዕድሜያቸውንም ሲናገሩ «ሃያ ዓመት አለኝ» ነው የሚሉት። እንዲሁም «ሐኪም ነኝ» እና «ደኅና ነኝ» ለማለት እኛ አንድ «ነኝ» ሲበቃን፣ እነርሱ «ሶይ» እና «እስቶይ» ብለው ሁለት ያደርጉታል፤ የፊተኛው ማንነትን፣ የኋለኛው ያሉበትን ሁኔታ ይናገራል። እኛ ግሱን እስከ ዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ስለምናቆየው ሰምቶ መጨረሻውን መጠበቅ ልማዳችን ነው። በእስፓንኛ ግሱ ቀደም ብሎ ይመጣልና፣ መጨረሻውን የሚጠብቅ ሰው ዋናው ነገር ያመልጠዋል።

እንግዲህ ሰዋስው እዚህ ላይ ይብቃና ወደ ኑሮው እንለፍ። በሃቫና ሰልፍ የሚይዘው ሰው ከኋላ ዝም ብሎ አይቆምም፤ «ኤል ኡልቲሞ?» ብሎ የመጨረሻውን ሰው ይጠይቃል፤ ያ ሰው እጁን ካነሣለት በኋላ ጥላ ፈልጎ ቢቀመጥም ተራው ይጠበቅለታል። ይህን አንድ ቃል የማያውቅ ሰው ዲግሪ ቢኖረውም ዳቦ ሳያገኝ ይመለሳል። ደግሞም «ጓጓ» በኩባ አውቶቡስ ነው፤ በቺሌ ግን ሕፃን ልጅ ነው፤ በእኛ አገር ምን እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። አክብሮትም እንዲሁ ከአገር አገር ይለያያል። «አንተ» እና «እርስዎ» እንደምንለው እነርሱም «ቱ» እና «ኡስቴድ» ይላሉ፤ ነገር ግን በቦጎታ ጓደኛ ጓደኛውን «ኡስቴድ» ሲለው ይሰማል፣ በአርጀንቲና ደግሞ በ«ቱ» ፈንታ «ቦስ» ይባላል። ስለዚህ በገባችሁበት አገር የመጀመሪያውን ወር ሰው ሰውን እንዴት እንደሚጠራ በማዳመጥ አሳልፉት።

ከሁሉ የሚበልጠውን ልናገር። እ.ኤ.አ. በ1999 በሃቫና በተከፈተው የላቲን አሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤት እስፓንኛ የማያውቅ ተማሪ አስቀድሞ ቋንቋውን ይማራል። ይሁን እንጂ ፈተናው የሚመጣው በሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ነው። አንዲት ሽማግሌ «ልጁን ኤምፓቾ ይዞታል» ብትል፣ ምግብ በሆዱ ተጣብቆ ቀርቶበታል ማለቷ ነው። የውጭ አገር ሐኪም ወደ እኛ መጥቶ «ምች መታኝ» ሲባል ምን ይረዳል? ከመጽሐፍ ብቻ የተማረ ሐኪም ልጁ ምን እንደ ነካው ሳይገባው መድኃኒት ያዝዛል። የሕዝቡን ቋንቋ ማወቅ እንደ ጌጥ የሚቈጠር አይደለም፤ የሰው ነፍስ ያለበት ጉዳይ ነው።

በሰው አገር የአገር ልጅ ይናፍቃል፤ ይህ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ማታ ማታ በአንድ ክፍል ተሰብስቦ ቡና እያፈሉ አምስት ዓመት ማሳለፍ፣ አገር ቤት ተቀምጦ አምስት ዓመት ከማሳለፍ አይለይም። ቡናውን አፍሉ፤ የአገሩንም ልጆች ጥሩ። ሲሳሳቁባችሁ አብራችሁ ሳቁ፤ በሰው ፊት መንተባተብን የፈራ ተማሪ ዝምታን ተምሮ ይመለሳልና። ልጆቻችን በዚያች ደሴት ሲማሩ ከኩባውያን መምህራን ሌላ ከአገራቸው የተላኩ መምህራን ነበሯቸው። ይህም ትልቅ ምሥጢር አለው፤ የራሱን ቋንቋ አጥብቆ የያዘ ሰው የሌላውን ለመያዝ እጁ አይጠብበትም።

ንግግሬን ላብቃ። እንግሊዞች ሲያመሰግኑ «አመሰግናለሁ» ብለው ያልፋሉ። በላቲን አሜሪካ ብዙ ስፍራ ግን የገጠር ሰው ምስጋናው ሲበዛበት «ዲዮስ ሴ ሎ ፓጌ» ይላል፤ ውለታውን እግዚአብሔር ይክፈልዎ ማለት ነው። ይህን የመሰለ ምስጋና ያለው ሕዝብ ዘንድ የምትሄድ ኢትዮጵያዊት ወይም የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ፈጽሞ ባዕድ አገር ገባሁ አይልም።