ለቀብር ድንኳን ነበረን
(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ዓመት በቁጠባ ቀናችን አንዲት እህታችን ቡና እየቀዳች ሳለ ሲኒው ከእጇ ወደቀ። “ራሴን፣ ራሴን” አለች፤ አስመለሳት፤ ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አለ፤ አንደበቷም ተያዘ። እኛስ ምን አደረግን? አንዷ “ምች ነው” ብላ ዳማከሴ ፍለጋ ሮጠች፣ ሌላዋ ውኃ ልታጠጣት ሞከረች፣ አንዷም ከቦርሳዋ አስፕሪን አወጣች። በዚህ መሐል አንድ ሰዓት አለፈ።

ሐኪሞቹ ኋላ እንዳስረዱን፣ ማንም ሳይመታት አንጎሏ ውስጥ ደም ፈስሶ ነበር። ዋናው መነሻ የደም ግፊት ነው። ለዓመታት ሳይታከም ሲቆይ በአንጎል ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ያዳክምና አንድ ቀን ይፈነዳሉ። በእርጅና የደም ሥሮቹ ግድግዳ ሊደክም ይችላል፤ እንደ ዋርፋሪን ያሉ ደም የሚያቀጥኑ መድኃኒቶችም አደጋውን ይጨምራሉ። እህታችን ግን ግፊት እንዳለባት ታውቅ ነበር። “ምንም አይሰማኝም” ብላ ክኒኑን አቁማለች። የክኒኑ ገንዘብ ለልጆቿ ደብተር መዋሉን የሰማነው ቆይተን ነው።

አስፕሪኑን አለመዋጧ እግዚአብሔር ጠብቋት ነው። ስትሮክ የደም ሥር ሲዘጋም ሲፈነዳም ይመጣል፤ ሁለቱን በዓይን መለየት አይቻልም፣ ሲቲ ስካን ያስፈልጋል። ለተዘጋው የሚታዘዘው አስፕሪን የሚፈሰውን ደም ሊያብስ ይችላል። ውኃውም መዋጥ ለተሳነው ሰው ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ደሙ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሊጨምር ስለሚችል፣ የሚሻለው በጎን አስተኝቶ፣ የጀመረበትን ሰዓት ይዞ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው።

እዚያም የግፊቷን የላይኛውን ቁጥር በመርፌ ወደ 140 ገደማ አወረዱላት። ጭንቅላቷ ይከፈታል ብለን ፈርተን ነበር። ለአንዳንዱ፣ በተለይ በኋለኛው ትንሹ አንጎል ብዙ ደም ለፈሰሰበት፣ ቀዶ ሕክምና ሕይወት ያተርፋል፤ የእሷ ግን በጥልቀት ስለነበር አልተነካም።

ከ10 ታማሚዎች 4 ያህሉ በአንድ ወር ውስጥ ይሞታሉ። ከሚተርፉትም ብዙዎቹ ያለ ሰው እርዳታ አይኖሩም። እህታችን ተርፋለች። በምርኩዝ ትሄዳለች፤ ቃል ሲጠፋባት ትናደዳለች፣ እኛም እንስቃለን፣ እሷም ትስቃለች። በተራ እየሄድን እጇን እናሠራታለን።

አንድ ነገር ግን ያሳፍረናል። ለቀብር ድንኳንና ወንበር ነበረን፤ ለሲቲ ስካን የሚሆን ብር አልነበረንም። የዚያን ቀን የቁጠባውን ሣጥን ሰበርን። አሁን በደጋፊዎቻችን እርዳታ የግፊት መለኪያ ገዝተናል፤ ከቁጠባው በፊት ሁላችንም እንለካለን። በመጀመሪያው ቀን ከፍ ብሎ ከተገኘባቸው ሁለቱ እኛው የኮሚቴ አባላት ነን።