እስከ መጨረሻው መርፌ

(በሙዱላ ለምእመናን፣ ለአጥቢያ ሽማግሎችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የቀረበ ንግግር)



የሶርያውን የጦር አለቃ የንዕማንን ታሪክ ሁላችንም ከሰንበት ትምህርት ቤት ጀምሮ እናውቀዋለን። ነቢዩ ኤልሳዕ በዮርዳኖስ ወንዝ ሰባት ጊዜ እንዲታጠብ አዘዘው። በዚህ ክፍል ላይ ስንሰብክ አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው የሰውየውን ትዕቢት ነው። ዛሬ ግን ቁጥሩን እናስብ። ንዕማን ሦስት ወይም አራት ጊዜ ታጥቦ ወደ ሰረገላው ተመልሶ ቢሆን ኖሮ ወደ አገሩ የሚገባው ከነለምጹ ነበር። የታዘዘውን መጀመሩ ብቻ አልፈወሰውም፤ መፈጸሙ ነው እንጂ።

ይህን በቃል ስናውቀው ኖረን በሥራ ግን የሳትንበትን አንድ ነገር ልንነግራችሁ ቆመናል።

በ2011 ዓ.ም. በየካቲት ወር ከአጥቢያዎቻችን በአንዱ የሚኖር የ6 ዓመት ልጅ መንጋጋው አበጠ። ቤተ ሰቡ የጥርስ ሕመም መሰላቸውና ወደ አንድ ክሊኒክ ወሰዱት፤ ጥርሱም ተነቀለ። እብጠቱ ግን አልጎደለም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ጉንጩ ተወጥሮ ዓይኑን ወደ ላይ ገፋው። ሽማግሎች እጅ ጭነው ጸለዩ፤ መልካም አደረጉ። ምእመናንም ገንዘብ አዋጥተው አባትና ልጅን በሪፈር ወረቀት ወደ አዲስ አበባ ላኩ። በዚያም ሐኪሞች ከእብጠቱ ቅንጣት ወስደው ከመረመሩ በኋላ በርኪት ሊምፎማ የሚባል ካንሰር መሆኑን ተናገሩ። መርፌም ጀመሩለት።

ከመጀመሪያው ዙር መርፌ በኋላ እብጠቱ እንደ ቅቤ ቀለጠ። በአንድ ሳምንት ውስጥ የልጁ ፊት ወደ ቀድሞው መልኩ ተመለሰ። አባቱም ለቀጣዩ ዙር የተሰጠውን ቀጠሮ በኪሱ ይዞ ልጁን ወደ ቤት አመጣ። በእሑድ ጉባኤ ልጁን ከፊት አቁመን ጌታ ፈጽሞ ፈወሰው ብለን መሰከርን። እልልታው ከአዳራሹ ውጭ ተሰማ። የቀጠሮውን ወረቀት አሳየን ያለ ግን ከመካከላችን አንድም ሰው አልነበረም።

የዝንጅብል መትከያ ወራት ነበረ፤ የተዋጣውም ገንዘብ አልቆ ነበር። የቀጠሮው ቀን አለፈ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እብጠቱ ተመልሶ መጣ፤ አሁን ግን በመንጋጋው ብቻ ሳይሆን በሆዱም ጭምር ነበረ። ወደ አባቱ ቤት ሄደን፣ «ቀጠሮህን ለምን ሳትሄድ ቀረህ?» ብለን ጠየቅነው። እርሱም ዝቅ ብሎ፣ «አባቶቼ፣ ድኗል ብላችሁ የመሰከራችሁት እናንተ ናችሁ። የዳነ ልጅ ይዤ ሐኪም ቤት ምን ልሠራ ልሂድ?» አለን።

የምንመልሰው ቃል አልነበረንም። ልጁ እንደ ገና ወደ አዲስ አበባ ተወሰደ፤ ሐኪሞችም የሚችሉትን ሁሉ አደረጉ፤ ነገር ግን አልተነሣም። ቀብሩ እዚሁ ነው። ይህን የምንናገረው ያንን አባት ለመውቀስ አይደለም። ወቀሳው የእኛ ነው። ለጌታ ምስጋና ማቅረባችን ትክክል ነበር፤ ያልተፈጸመውን ተፈጽሟል ማለታችን ግን ስሕተት ነበር።

ስለዚህ በሽታውን ልናውቀው ይገባል። በርኪት ሊምፎማ ከነጭ የደም ሕዋሳት የሚነሣ በመሆኑ ከደም ካንሰር ወገን ይቆጠራል። በዓለም ላይ በጥቂቱ የሚታይ ሲሆን፣ ወባ በሚበዛበት የአፍሪካ ቆላ ግን ከሌላው ስፍራ ይልቅ ልጆችን ያጠቃል። ስሙን ያገኘው ከአየርላንዳዊው ቀዶ ሐኪም ከዴኒስ በርኪት ነው። ይህ ሰው በልጅነቱ አንድ ዓይኑን ያጣ፣ ጌታን የሚወድና እምነቱን የማይሸሽግ አማኝ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1957 በዩጋንዳ በሙላጎ ሆስፒታል ሲሠራ መንጋጋው በሁሉም ወገን ያበጠ ልጅ አሳዩት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በጂንጃ ከተማ ሌላ ልጅ በዚሁ መልክ አብጦ አየ። ነገሩን አልተወውም፤ እ.ኤ.አ. በ1958 በጽሑፍ አወጣው። እ.ኤ.አ. በ1961 ከሁለት ሐኪም ወዳጆቹ ጋር፣ አንደኛው በኩሉቫ የሚስዮን ሐኪም የነበረው ቴድ ዊሊያምስ ነው፣ በአሮጌ ፎርድ መኪና 10,000 ማይል ያህል ተጉዞ በየሆስፒታሉ እንዲህ ያሉ ልጆችን አይታችሁ ታውቃላችሁ እያለ ጠየቀ። በዚያ ጉዞ በሽታው ሙቀትና ዝናብ ባለበት ቆላ እንደሚገኝ፣ በደጋ ግን እንደሚጠፋ አስተዋለ። የበሽታው ካርታ ከወባ ካርታ ጋር ገጠመ።

እ.ኤ.አ. በ1964 ደግሞ ኤፕስታይንና ባልደረቦቹ በርኪት ከላከው እብጠት ውስጥ አንድ ቫይረስ አገኙ። ቫይረሱ በልጅነት በምራቅ የሚተላለፍና በአብዛኞቻችን ሰውነት ውስጥ ያለ ነው። ብቻውን ካንሰር አያመጣም፤ ወባ እየደጋገመ የልጁን ሰውነት ሲያዳክመው ግን መንገድ ያገኛል። ይህን የምንዘረዝረው ለሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ በሽታው እርግማን አይደለም፤ ካንሰሩም ከልጅ ወደ ልጅ አይተላለፍም። ሁለተኛ፣ ወደ ኦሞ በሚወርደው ቆላችን የምናድለው አጎበር ከትኩሳት የበለጠ ነገር ሊከላከል ይችላል።

በርኪት ቀዶ ሐኪም ቢሆንም ቢላዋ ይህን በሽታ እንደማያሸንፍ ተረዳ። በዚያን ጊዜ በዩጋንዳ የጨረር ሕክምና አልነበረም። ስለዚህ አዲስ የወጡትን የካንሰር መድኃኒቶች በመርፌ ሞከረ፤ ከእነርሱም ዋነኛው ሳይክሎፎስፋማይድ ነው። አንዳንድ ልጆች በአንድና በሁለት መርፌ ብቻ ዳኑ፤ በሌሎች ላይ ግን በሽታው ተመለሰ። ሐኪሞች ደጋግሞ መስጠትን የተማሩት ከዚህ ነው።

መርፌው የሚሠራው እንዲህ ነው። ይህ ካንሰር ከሁሉ ይልቅ ፈጥኖ የሚያድግ ነው፤ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ እጥፍ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ የሚገድለው በመባዛት ላይ ያለውን ሕዋስ ስለሆነ ፈጥኖ የሚያድገው ፈጥኖ ይቀልጣል። በዚያን ሰዓት ያልተባዛው ግን ተርፎ ይቆያል። ሌላው ደግሞ በአንጎልና በጀርባ አጥንት ውስጥ ባለው ፈሳሽ ይሸሸጋል፤ በደም ሥር የሚሰጠው መርፌ እዚያ በሚገባ አይደርስም። ስለዚህ ሐኪሞች በጀርባ በኩል ሌላ መርፌ ይወጋሉ። ልጄን ሽባ ሊያደርጉብኝ ነው ብላችሁ አትፍሩ፤ ለተሸሸገው ጠላት የተላከ ነው። ነገር ግን ለደም ሥር የተዘጋጀ መድኃኒት በጀርባ ቢገባ ይገድላል፤ ቪንክሪስቲን የሚባለው ይህን የመሰለ ነው። ከደም ሥር ውጭ ቢፈስም ሥጋን ያቆስላል። ስለሆነም እነዚህ መርፌዎች በመንደር፣ በማንም እጅ፣ ከቶ አይሰጡም።

መርፌው ይከብዳል፤ ያስመልሳል፣ ጠጉር ያረግፋል። ጠጉሩ ይመለሳል። አስጊው ግን በሽታን የሚከላከለው ነጭ ደም መቀነሱ ነው። መርፌ የወሰደ ልጅ ትኩሳት ቢይዘው እስከ ነገ አይቆይም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

ከድካም በኋላ ፍሬ አለን? አዎን። በካሜሩን የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ሆስፒታሎች ባንሶና ምቢንጎ ይህንኑ ሳይክሎፎስፋማይድ በመጀመሪያው፣ በ8ኛውና በ15ኛው ቀን፣ ከጀርባ መርፌ ጋር በመስጠት ከታከሙት ልጆች ከግማሽ በላይ ከሞት ተርፈዋል። በሀብታም አገሮች ጠንከር ባለ ሕክምና ከ10 ልጆች 9 ያህሉ ይድናሉ። በአገራችንም በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የልጆች ካንሰር ይታከማል፤ በጅማና በጎንደርም እንዲሁ። እንግዲህ መድኃኒቱ አለ። የጎደለው በመካከል ያለው መንገድ ነው። ከሆሳዕና እስከ አዲስ አበባ ብቻ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከሙዱላ ሲነሡ ደግሞ ይበልጣል። ይህን መንገድ አንድ ጊዜ ሳይሆን ደጋግሞ መሄድ ለአንድ ገበሬ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። በሬው ይሸጣል፤ እርሻው ጦም ያድራል፤ እናት በቤት ያሉትን ልጆች ትታ ትሄዳለች።

ስለዚህ አራት ነገር እንለምናችኋለን።

አንደኛ፣ የልጅ መንጋጋ ወይም ሆድ በቀናት ውስጥ ቢያብጥ፣ ጥርሱ ያለ ምክንያት ቢነቃነቅ፣ ዓይኑ ወደ ውጭ ቢገፋ፣ በዚያው ሳምንት ወደ ሆስፒታል ይላክ። ጸሎቱ ከመንገዱ አይከለክል፤ በመንገድም ይጸለያል።

ሁለተኛ፣ ገንዘብ ስናዋጣ ለመሄጃ ብቻ አናዋጣ። ደጉ ሳምራዊ የቆሰለውን ሰው ወደ ማደሪያ አድርሶ አልተወውም፤ ለባለቤቱ ገንዘብ ሰጠ፤ የጎደለውንም ስመለስ እከፍላለሁ አለ። እኛም እስከ መጨረሻው ዙር ያለውን መሳፈሪያ፣ ማደሪያና ምግብ ከመጀመሪያው ቀን እናስላ።

ሦስተኛ፣ የቀጠሮው ወረቀት በአባት ኪስ ብቻ አይቅር። አንድ ሽማግሌና አንድ የፕሮጀክት ሠራተኛ ቀኑን ጽፈው ይያዙ። የቀጠሮው ቀን የዝንጅብል ወይም የአጨዳ ቀን ሲሆን ወጣቶች የዚያን ሰው እርሻ ይሥሩ። በደቦ መሥራትን ማንም ሊያስተምረን አያሻም።

አራተኛ፣ ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ፣ «ጌታ ጀምሯል፤ እስኪፈጸም ጸልዩልን» እንበል። ሐኪሞች ሕክምናው ተፈጸመ ባሉ ቀን ደግሞ ልጁን አቁመን እልል እንበል። ይህ እምነትን ማሳነስ አይደለም። ሉቃስ ሐኪም ነበረ። ወደዚህ አገር ወንጌልን ይዘው ከመጡት ቀዳሚዎች አንዱ ዶክተር ቶማስ ላምቢም ሐኪም ነበረ። መርፌውን የሚወጋው እጅና በራስ ላይ የሚጫነው እጅ የአንድ ጌታ አገልጋዮች ናቸው።

በዚያ እሑድ ልጁ በጉባኤው ፊት ቆሞ ሳለ ፈገግ ብሎ ነበር፤ እኛም ዓይናችን ያረፈው በፊቱ ላይ ብቻ ነበረ። ከእንግዲህ በፊታችን ለሚቆም ልጅ ሁሉ ወላጆቹን አስቀድመን አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፤ ቀጣዩ ቀጠሮ መቼ ነው?

የጀመረውን የሚፈጽም አምላክ ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።