ሰው የማይቆምበት አደባባይ

በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



አደባባይ የሚለው ቃል በአማርኛ ረዥም ዕድሜ ያለው ቃል ነው። ጥንት ከቤተ መንግሥቱ ደጅ ፊት ለፊት ያለው ገላጣ ሥፍራ አደባባይ ይባል ነበር፤ አዋጅ የሚነገረው፣ ነጋሪት የሚጎሰመው፣ ተበደልሁ ያለ ሰው አቤት የሚለው በዚያ ነበር። ዛሬም «አደባባይ የወጣ ነገር» ሲባል ሁሉ ያየውና ሁሉ የሰማው ነገር ማለት ነው። ሆኖም በአዲስ አበባ የታክሲ ረዳት «አደባባይ ጋ ወራጅ አለ?» ብሎ ሲጠይቅ ቃሉ ሌላ ትርጉም ይዟል። አሁን አደባባይ ማለት በመኪና የተከበበ፣ በጠርዝ ድንጋይ የታጠረ፣ ሰው የማይቆምበት ክብ መሬት ነው። ቃሉ ሳይለወጥ ነገሩ ተገለበጠ፤ ይኸውም ሕዝብ ይሰበሰብበት የነበረው ሥፍራ ሕዝብ የማይደርስበት ሆነ። በዚህ ንግግር የሚቀርበው ሐሳብ ከዚሁ መገልበጥ የሚነሣ ነው።

በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ በአሥር ክፍለ ከተሞች ስትደራጅ ከአሥሩ አንዱ የሆነው ንፋስ ስልክ ላፍቶ ለጉዳዩ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል። የስሙ የመጀመሪያ ክፍል በአካባቢው ከነበረው የሽቦ አልባ መገናኛ ጣቢያ የመጣ እንደሆነ ይነገራል፤ መልእክት ያለ ሽቦ እንደሚሄድ የሰማ ሕዝብ «ንፋስ ስልክ» አለው። ከዚህ የተሻለ ስያሜ ለማግኘት አንድ የሙያ ቃላት ኮሚቴ ብዙ ወራት መቀመጥ ባስፈለገው ነበር። የሌሎቹም መገናኛዎች ስም እንዲሁ ከአጋጣሚ የተወለደ ነው። ጎተራ ከእህል ማከማቻው፣ ኃይሌ ጋርመንት ከልብስ ስፌት ፋብሪካው፣ ጎፋ ማዞሪያና አቦ ማዞሪያ ደግሞ መንገዱ ከሚታጠፍበት ነጥብ ስማቸውን አገኙ። ስሞቹ እንደሚመሰክሩት እነዚህ ሥፍራዎች ማእከል የሆኑት ማእከል ይሁኑ ተብሎ አይደለም። መንገድ ከመንገድ ስለተጋጠመ፣ ሰው ከአንዱ ታክሲ ወርዶ ወደ ሌላው ስለሚሳፈር፣ ታክሲ ሲጠብቅም ቡና ስለሚጠጣና ሽንኩርት ስለሚገዛ ነው።

የከተማዋ ፕላኖች ማእከልን ፈጽመው አልዘነጉም። እንግሊዛዊው ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ በ1940ዎቹ መጨረሻ ባቀረቡት ፕላን አዲስ አበባን በሰፈሮች፣ በቀለበት መንገዶችና በሳተላይት ከተሞች ለማደራጀት አስበው ነበር። ከእርሳቸው በኋላ የፈረንሳዊው ደ ማርየንና የሀንጋሪያዊው ፖሎኒ ፕላኖች፣ ቀጥሎም በኢትዮጵያና በኢጣሊያ ባለሙያዎች ትብብር በ1978 ዓ.ም. የተጠናቀቀው ማስተር ፕላን ተከታተሉ። በ1994 ዓ.ም. ገደማ የተጠናቀቀው የማስተር ፕላን ክለሳና በ2009 ዓ.ም. ገደማ የወጣው መዋቅራዊ ፕላን ከተማዋ በአንድ መሐል ብቻ እንዳትታነቅ በየአቅጣጫው ንዑሳን ማእከላት እንዲኖሯት ያስባሉ። መዋቅራዊው ፕላን ከመሬቱ 30 በመቶው ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴና ለጋራ መገልገያ፣ 40 በመቶው ለሕንጻ እንዲውል ይደነግጋል። ድልድሉ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን በፕላን ወረቀት ላይ ማእከል ማለት አንድ ባለ ቀለም ክብ ነው፤ በክቡ ውስጥ ሰው የት ይቆማል፣ በየት ይሻገራል፣ ዝናብ ሲመጣ የት ይጠለላል የሚለው ጥያቄ ወደ መንገድ መሐንዲሱ ይወርዳል። መሐንዲሱ ደግሞ ሥራውን ሲረከብ የሚጠየቀው በሰዓት ስንት መኪና እንደሚያሳልፍ ነው።

በትራፊክ ምሕንድስና ትምህርት እንደሚታወቀው፣ አራት መንገዶች በተራ መስቀለኛ ሲገናኙ መኪና ከመኪና ሊጋጭባቸው የሚችሉ 32 ነጥቦች ይኖራሉ፤ ባለ አንድ መስመር አደባባይ ሲሠራ ቁጥሩ ወደ 8 ይወርዳል። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ አደባባይ በአዲስ አበባ መብዛቱም ያለ ምክንያት አይደለም። ሆኖም ጥቅሙ የተሰላው ለባለ አንድ መስመር ሲሆን፣ በደቡብ አዲስ አበባ ያሉት ግን ባለ ሁለትና ባለ ሦስት መስመር ናቸው። ከሁሉም በላይ በ32ቱም ሆነ በ8ቱ ውስጥ እግረኛው አልተቆጠረም። በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእግር የሚደረግ ነው፤ በመንገድ አደጋ ከሚሞቱትም አብዛኛዎቹ እግረኞች ናቸው። እንግዲህ ስሌቱ የተሠራው ለአነስተኛው ተጠቃሚ ሆኖ ዋጋውን የሚከፍለው ብዙኃኑ ነው ማለት ነው።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይቻላል። ሠላሳ ሜትር የሚሰፋ መንገድ በሴኮንድ 1.2 ሜትር የሚራመድ ጎልማሳ በ25 ሴኮንድ ያቋርጠዋል። ዘንቢል የያዙ፣ ጉልበታቸው የደከመ እናት ግን በሴኮንድ 0.8 ሜትር ቢራመዱ 37 ሴኮንድ ተኩል ይፈጅባቸዋል። ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ የእግረኛ ድልድይ ነው። የድልድዩ ወለል ከአስፋልቱ 6 ሜትር ከፍ ቢል፣ እያንዳንዱ ደረጃም 15 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ እኚህ እናት 40 ደረጃ ወጥተው 40 ደረጃ መውረድ አለባቸው፤ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ደግሞ ከነጭራሹ አይሻገርም። ደረጃውን ትተው በአጥሩ ሥር ሾልከው የሚሻገሩትን ሰዎች «ሥርዓት የለሽ» ማለት ቀላል ነው። ሆኖም ውሃ ቁልቁለት ሲመርጥ ሥርዓት የለሽ የሚለው መሐንዲስ የለም።

በዚህ ክፍለ ከተማና በአዋሳኞቹ የተሠሩት ታላላቅ ሥራዎች የየራሳቸው ክብር አላቸው። የቀለበት መንገዱ ከባድ መኪኖችን ከመሐል ከተማ አስወጥቷል። በ2001 ዓ.ም. ገደማ በቻይና ተቋራጭ የተሠራው የጎተራ ማሳለጫ ለብዙ አሽከርካሪ እፎይታ ሆኗል። መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡርም በንፋስ ስልክ፣ በአደይ አበባና በሳሪስ በኩል አድርጎ ቃሊቲ ይደርሳል። ነገር ግን ሦስቱም ሥራዎች ሰፈርን ከሰፈር ለይተዋል። ከባቡሩ ሐዲድ ወዲህ የሚኖር የሳሪስ ልጅ ከወዲያ ማዶ ያለውን ዳቦ ቤት ያየዋል፤ ለመድረስ ግን አጥሩን ተከትሎ ማቋረጫ ፍለጋ ይሄዳል። የመስመር ሥራ ሲነደፍ ቁመቱ በኪሎ ሜትር ተለክቶ አግድሙ ይረሳል፤ ማእከል ደግሞ የሚኖረው በአግድሙ ነው።

አሁን ወደ መሬቱ እንውረድ፤ ስለ አደባባይ ውበት ሲነገር መሬቱ ብዙ ጊዜ ይዘነጋልና። አዲስ አበባ ከእንጦጦ ተነሥታ ወደ አቃቂ የምታዘቀዝቅ ከተማ ናት፤ ስለዚህ በሰሜን የዘነበው ዝናብ በመጨረሻ የደቡብ ጉዳይ ይሆናል። በዓመት ከሚዘንበው ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ትንሹ አቃቂ በመካኒሳና በላፍቶ በኩል ሲያልፍ የፋብሪካውንም የቤቱንም ፍሳሽ ይዞ ነው፤ በዳርቻውም አትክልት አምራቾች ለረዥም ዘመን በዚሁ ውሃ ጎመንና ሰላጣ ሲያለሙ ኖረዋል። አደባባዩ ላይ በጉሊት የሚሸጠው ጎመንና አደባባዩ ላይ ቱቦ ሲደፈን የሚፈሰው ውሃ ሳይተዋወቁ የኖሩ አይደሉም።

የደቡቡ አፈር በብዙ ሥፍራ መረሬ ነው። መረሬ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። በላዩ ላይ ስስ አሸዋ ደልድሎ ያማረ ታይልስ የነጠፈ ተቋራጭ ሥራውን በግንቦት ቢያስረክብ፣ ንጣፉ በመስከረም እንደ ባሕር ማዕበል ከፍና ዝቅ ብሎ ይገኛል። መፍትሔው የታወቀ ነው፤ መረሬውን በበቂ ጥልቀት ቆርጦ በተመረጠ አፈር መተካት፣ ንጣፉን 2 በመቶ ያህል አዘቅዝቆ ውሃውን ወዲያው ወደ ቦይ ማስወጣት፣ የቦዩንም ክዳን ሊነሣና ሊጠረግ በሚችል መልክ መሥራት። ከሁሉም ንጣፍ ለዚህ መሬት የሚስማማው ምናልባት ኮብልስቶን ነው። ኮብልስቶን በአፈሩ እንቅስቃሴ አይሰበርም፣ ጥቂት ይናወጻል እንጂ፤ ቱቦ ሲቀበር ተነቅሎ መልሶ ይነጠፋል፤ ድንጋዩም የአገር ነው፣ ጠራቢውም የሰፈር ወጣት ነው። በመኪና መንገድ ላይ ሲነጠፍ ይጮኻል፣ ለተረከዝ ጫማም አይመችም፤ ሆኖም ጠፍጥፎ የተጠረበ ድንጋይ በማጋጠሚያው ላይ ሁለተኛውን ቅሬታ ያስቀራል። ስለ ማንሆል ክዳን መጥፋት ብዙ ባይባል ይሻላል፤ ጉዳዩ ከምሕንድስና ይልቅ የብረት ዋጋ ጉዳይ ነው።

በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት የሚባለው ሥራ ተጀመረ። በሁለተኛው ምዕራፍ ከሳር ቤት በካርል አደባባይ፣ በብሥራተ ገብርኤል፣ በአቦ ማዞሪያና በላፍቶ አልፎ ፉሪ የሚደርሰው መስመር በዚሁ ሥራ ውስጥ ገባ። ለእግረኛ የሚበቃ መንገድ፣ የብስክሌት መስመር፣ መብራት፣ መጸዳጃ፣ ተክልና መቀመጫ የሥራው ክፍሎች ናቸው። ለሃምሳ ዓመት ያህል በጭቃና በመኪና መካከል ሲሾልክ ለኖረ እግረኛ አምስት ሜትር ደረቅ መሬት መስጠት ታላቅ ነገር ነው፤ ይህንን መካድ ተገቢ አይደለም። በሌላው ወገን ደግሞ በየመስመሩ ቤታቸውና መተዳደሪያቸው ተነሥቶ ወደ ራቀ ሥፍራ የተዛወሩ ሰዎች አሉ። ስለዚህ ለመሐንዲሱ የሚቀርበው ጥያቄ አምስቱ ሜትር ማማሩን ብቻ የሚመለከት አይደለም፤ በአምስቱ ሜትር ላይ ከዚህ በኋላ ማን እንደሚቆም ጭምር ነው።

ነገሩ በጉሊት ላይ ጎልቶ ይታያል። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በጎፋ ማዞሪያ ወይም በሳሪስ ከታክሲ የሚወርድ ሠራተኛ ቲማቲሙን፣ ቃሪያውንና ዳቦውን ገዝቶ ነው ቤቱ የሚገባው። ማቀዝቀዣ የሌለው ቤተሰብ የዕለቱን በዕለት ይገዛል፤ ጉሊቷም የእርሱ ጓዳ ናት። ይሁን እንጂ የመንገድ ንድፍ በተሣለበት ወረቀት ጥግ ላይ በሚሰፈረው የምልክቶች ዝርዝር ለመብራት እንጨት ምልክት አለ፣ ለዛፍ አለ፣ ለማንሆል አለ፤ ለጉሊት የለም። በወረቀት ላይ ያልተሣለ ነገር በመሬት ላይ ሲገኝ ደንብ አስከባሪ ያነሣዋል። አነሡት ማለት ግን ጠፋ ማለት አይደለም፤ ሻጯ ላስቲኳን ጠቅልላ ወደ ውስጥ መንገድ ትሮጣለች፣ በነጋታው ትመለሳለች፣ እግረኛውም ከመሬት የተበተነውን ድንች እየዘለለ ያልፋል።

አንዲት የጉሊት ሻጭ ከነዕቃዋ የምትይዘው ቦታ 1 ሜትር በ1 ሜትር ከ20 ቢሆን ነው፤ አሥር ሻጮች በ12 ካሬ ሜትር ይሠራሉ። አንድ መኪና ለማቆም 2 ሜትር ተኩል በ5 ሜትር፣ ማለትም 12 ካሬ ሜትር ተኩል ያስፈልጋል። አንድ ሰው ባንክ ገብቶ እስኪወጣ መኪናውን የሚያቆምበት መሬትና አሥር ቤተሰብ የሚያድርበት መሬት እኩል ነው። የእግረኛው መንገድ 5 ሜትር ከሆነ በጠርዙ በኩል 1 ሜትር ተኩል ለሻጮች ቢለይ ለተላላፊው 3 ሜትር ተኩል ይተርፈዋል፤ አራት ሰው ጎን ለጎን ያስኬዳል። የሚያስፈልገው ከፍ ያለ መደብ፣ አንድ የውሃ ቧንቧ፣ ለቆሻሻ የተወሰነ ቦታና የቆርቆሮ ጣራ ነው። ቦታው የማን እንደሆነ፣ ኪራዩስ ስንት እንደሆነ ከንድፉ ጋር አብሮ ካልተወሰነ ግን መደቡ በስድስት ወር ውስጥ አቅም ባለው ነጋዴ እጅ መግባቱ አይቀርም፤ ይህም ክፍል ከኮንክሪቱ ይልቅ ከባድ ነው።

እንዲህ ያለውን ሐሳብ በመጀመሪያ በቀለምና በገመድ መሞከር ይቻላል። በ2009 ዓ.ም. በለገሃር መስቀለኛ መንገድ የተደረገው ሙከራ ለዚህ ምሳሌ ነው፤ ለመኪና የማያስፈልገው አስፋልት በቀለምና በተራ ማገጃ ተለይቶ ለእግረኛ ተሰጠ፣ ማቋረጫውም አጠረ። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» ጎዳናዎችን ለተወሰኑ ሰዓታት ከመኪና ነጻ አደረገ። ኋላም የእሑድ ገበያዎች መንገድ በሳምንት አንድ ቀን ገበያ፣ ስድስት ቀን መንገድ ሊሆን እንደሚችል አሳዩ። ኮፐንሃገን በ1962 እ.ኤ.አ. ስትሮየት የተባለውን የገበያ ጎዳናዋን ከመኪና ነጻ ያደረገችው እንደዚሁ በሙከራ ስም ነበር፤ ነጋዴዎቹ ደንበኛ እናጣለን ብለው ቢፈሩም ሙከራው እስከ ዛሬ አልተነሣም። ወደ አገር ቤት ስንመለስ፣ በ1950ዎቹ ማክስ ጉተር በተባሉት ጀርመናዊ መሪነት ፕላን የወጣላት ባሕር ዳር አለች፤ በዘንባባዎቹ ጥላ ሥር መራመድ ለከተማው ሰው መዝናኛ ነው።

በጎፋ ማዞሪያ ሙከራ ቢደረግ አመቺው ወር ጥቅምት ነው። ዝናቡ አቁሟል፣ ትምህርት ቤት ተከፍቷል፣ የእግረኛውም ብዛት ሙሉ ነው። የሚጠይቀው ለሁለት ሳምንት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ማታ ሁለት ሰዓት የሚቆጥሩ ጥቂት ተማሪዎች፣ ኖራ፣ ገመድና አሮጌ ጎማ ነው። ተማሪዎቹ መኪናውን በአንድ ዓምድ፣ የሚያልፈውን እግረኛ በሌላ ዓምድ ይመዝግቡ፤ በሦስተኛው ዓምድ ደግሞ ከአምስት ደቂቃ በላይ ቆሞ የሚገኘውን ሰው፣ ምን እየሠራ እንደቆመም ጭምር ይጻፉ። በብዙ የትራፊክ ቆጠራ ቅጽ ላይ ይህ ሦስተኛ ዓምድ ስለሌለ፣ ቅጹን አስቀድሞ ማሠመር ያስፈልጋል።