ከቀብድ በፊት

እህቶቻችን፣ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም። የቆየ ቤት ስንገዛ ከዕቁብ ያጠራቀምነውን የምንከፍለው ለቤቱ ነውና አስቀድመን እናስመርምረው።

በቆቦ የቆየ ቤት ብዙውን ጊዜ እንጨትና ጭቃ ነው። አዲስ ቀለም ምስጥን ይሸፍናል፤ የቋሚውን ግርጌ በቢላ እንውጋው። በቀላሉ ከገባ ውስጡ ተበልቷል። ጥቁር አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ከመስኮት ጥግ ሰያፍ የወረደ ሰፊ ስንጥቅ መሠረቱ መንቀሳቀሱን ሊያመለክት ይችላል። ጎርፍ በየት እንደሚያልፍ ጎረቤት እንጠይቅ።

ከዚያ ሻጩ ያላመጣው መሐንዲስ ወይም ልምድ ያለው አናጺ ይመልከትልን፤ የጥገናውን ወጪም በጽሑፍ ያስላልን። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ወጪው ከዋጋው ይቀነስ። ሻጩ ማስመርመርን ከከለከለ ግን ቀብዳችን ከእጃችን አይውጣ።