ከዋሽንግተን ድርድር እስከ ጎጃም ቀላድ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተሰጠ ንግግር)



በመሐንዲሶች ጉባኤ ፊት የአንድን ዲፕሎማት የሥራ ዘመን ይዤ መቅረቤ ሳያስገርማችሁ አይቀርም። ይሁን እንጂ መንገድ የሚጀመረው ከቀያሹ ድንኳን ሳይሆን ብድሩ ከሚፈረምበት ጠረጴዛ ነው። ያም ብድር ተመልሶ የሚከፈለው ከገበሬው ግብር ነው። እነዚህን ሁለት ጫፎች በአንድ ዕድሜ ከያዙት ሰዎች መካከል አቶ ይልማ ደሬሳ ቀዳሚውን ስፍራ የሚያገኙ ይመስለኛል። የደጃዝማችነት ማዕረግ በሚፈለግበት ዘመን ያን ያህል ሥልጣን ይዘው «አቶ» እንደ ተባሉ መኖራቸውም ለእኔ ትንሽ ነገር አይደለም።

የወለጋው ተወላጅ የብላታ ደሬሳ አመንቴ ልጅ በእስክንድርያ ቪክቶሪያ ኮሌጅ፣ ቀጥሎም በሎንዶን የኤኮኖሚክስ ትምህርት ቤት ተማሩ። በወረራው ዘመን ተማርከው ወደ ኢጣልያ ተጋዙ። ነጻነት በ1933 ዓ.ም. ሲመለስ በገንዘብ ሚኒስቴር የተረከቡት ሥራ ከባድ ነበር። በገበያው የማርያ ቴሬዛ ብር፣ የኢጣልያ ሊሬና የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ በአንድነት ይመነዘሩ ነበር፤ እንግሊዞችም የአገሪቱ ገንዘብ ከሎንዶን በሚመራ ቦርድ ሥር እንዲሆን ይሹ ነበር።

አቶ ይልማ በ1935 ዓ.ም. በአሜሪካ ሆት ስፕሪንግስ በተደረገው የምግብና የእርሻ ጉባኤ የኢትዮጵያን መልእክተኞች መሩ። በዚያው ዓመት ነሐሴ 3 ቀን በዋሽንግተን የመረዳጃ ውል ተፈረመ። በዚህ ውል መሠረት የመጣው የአሜሪካ ብር ለሃምሳ ሳንቲም መሥሪያ ዋለ። ይህን ነገር ቆም ብለን ብንመለከተው መልካም ነው። የባላገሩ እምነት በሚመዘን ብረት ላይ እንጂ በወረቀት ላይ አልነበረም፤ ስለዚህ አዲሱ ገንዘብ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. ሲወጣ፣ የብሩ ሳንቲም ለወረቀቱ ዋስ ሆኖ አብሮት ወጣ። የባላገሩን ጥርጣሬ እንደ ድንቁርና ሳይንቁ በሥራው ስሌት ውስጥ ማስገባት የበሰለ ጥበብ ነበር።

በ1943 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ለአንድ አፍሪካዊ አገር የመጀመሪያውን ብድር ለኢትዮጵያ ሲሰጥ፣ 5 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላሩ ለመንገድ ነበር፤ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንም የተቋቋመው በዚያው ዓመት ነው። አቶ ይልማ በዚያን ጊዜ ከገንዘብ ሚኒስትርነት ተነሥተው ነበር፤ ቢሆንም የራሱ ገንዘብና የራሱ በጀት የሌለው አገር አበዳሪ ፊት ሊቆም ባልቻለም ነበር። ከዚያ በኋላ በዋሽንግተን አምባሳደር፣ በ1950 ዓ.ም. የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። በ1950ዎቹ ዓመታትም ወደ ገንዘብ ሚኒስቴር ተመለሱ።

እስከዚህ ድረስ ያለው ለማመስገን ቀላል ነው። በ1960 ዓ.ም. የታወጀው የእርሻ ገቢ ግብር ግን ሌላ ሚዛን ይጠይቃል። አዋጁ አሥራትን ሽሮ ግብርን በመሬቱ ስፋት ሳይሆን በተገኘው ምርት ላይ አደረገ። በወረቀት ላይ ሲታይ ከቀድሞው የተሻለ ፍትሕ ነበረው፤ ብዙ መሬት የያዙ ባላባቶችም አልወደዱትም። በጎጃም ግን ገበሬው ራሱ ተነሣበት። ገማቹን ሲያይ የታየው ቀላድ ነው፤ ቀላድ ከተጣለ ርስቴ አለቀ አለ። በአገረ ገዥው ላይ የከረመው ቅሬታም ተጨመረበት። ጦር ተላከ፤ አውሮፕላን ቦምብ ጣለ፤ በመጨረሻ አገረ ገዥው ተነሥተው ውዝፉ ግብር ተማረ።

በእኔ አስተያየት ስሕተቱ በሒሳቡ አልነበረም። ለሃምሳ ሳንቲሙ የታሰበለት ባላገር፣ ለግብሩ አልታሰበለትም። ከአሜሪካ ጋር ለመዋዋል ወራት ተሰጥተው ሳለ፣ ከደጋ ዳሞትና ከሞጣ ሽማግሌዎች ጋር ስለ ርስታቸው ለመነጋገር ያን ያህል ጊዜ የሰጠ አልነበረም። የሚደንቀው፣ አዋጁ ከመውጣቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1959 ዓ.ም.፣ እኒሁ ሚኒስትር ስለ አሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፍ ማሳተማቸው ነው፤ የአገራቸውን ያለፈ ዘመን የማያውቁ ሰው አልነበሩም።

ከእኛ መካከል በቅየሳ ሥራ የተሰማራችሁ ነገሩን ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። መሣሪያው በሦስት እግሩ ማሳ ዳር ሲቆም፣ ገበሬው የሚጠይቀው ስለ መንገዱ ስፋት አይደለም፤ «ማን ላካችሁ?» ነው።